ሦስት ጊዜ «ተፈትቷል» ተብሎ የተዘጋው የኪቦርድ ችግር

ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለደረሰኝ ሲስተም አቅራቢያችን
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሲስተሙ ያለ ማውስ እንዲሠራ የተገባልን ቃል አለመፈጸሙን ይመለከታል

ስለ ውሉና ስለ ቀደሙት ቲኬቶች፣ ማለትም ስላስመዘገብናቸው የችግር አቤቱታዎች፣ እዚህ አንደግምም፤ ፋይሉ እናንተው ዘንድ አለ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን ባለፈው ዓርብ፣ ግንቦት 8፣ ስታዲየም አካባቢ ባለው ቢሮአችሁ የሆነው ነው።

«እስከ ሚያዝያ 30 ሁሉም ነገር በኪቦርድ ይሠራል» ብላችሁ በኢሜይል ጽፋችሁልን ነበር። ቀኑ ካለፈ ከሳምንት በኋላ መጣን። የቴክኒክ ባልደረባችሁ «ተስተካክሏል፣ ላሳያችሁ» ብለው ላፕቶፑን ከፈቱ፤ እጃቸው ግን ማውሱ ላይ ነበር። ማውሱን እንዲያስቀምጡልን በትሕትና ጠየቅን። ከአንዱ ሳጥን ወደ ቀጣዩ የሚያሻግረውን የታብ ቁልፍ መቱ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር መጻፊያው ላይ አረፈ። ሁለተኛ መቱ፤ ከገጹ ግርጌ «ስለ እኛ» ላይ ተገኘ። ሦስተኛና አራተኛ ሲመቱ የት እንዳሉ ለራሳቸውም ጠፋቸው። የፎከሱን ምልክት፣ ማለትም ኪቦርዱ አሁን የት እንዳለ የሚያሳየውን መስመር፣ «ዲዛይኑን ያበላሻል» ብላችሁ የገጹን መልክ ከሚወስነው ኮድ ከሲኤስኤሱ አጥፍታችሁት የለ? ታብ ዞሮ ዞሮ «ደረሰኝ ቁረጥ» ላይ ሳይደርስ መነሻው ላይ ተመለሰ። ባልደረባችሁም «ለአንድ ሁለት ሰው ተብሎ ሲስተም አይቀየርም፤ አጠገባቸው ያለ ሰው ማውሱን ይያዝላቸው» አሉን፤ ስልካቸው ጠራ፣ አንስተው ወጡ። ሜክሲኮ ቢሮአችን ስንደርስ ቲኬቱ «ተፈትቷል» ተብሎ ተዘግቶ ጠበቀን። ለሦስተኛ ጊዜ።

«አንድ ሁለት ሰው» የተባሉት የሒሳብ ክፍላችን ባልደረቦች ናቸው። አንዷ ኤንቪዲኤ በተባለው ነፃ ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም፣ የሚሠሩ ዓይነ ስውር፣ ሌላው እጃቸው ማውስ መያዝ የማይችል ሰው ናቸው። ደረሰኝ መቁረጥ ደግሞ የሁለቱም የዕለት ሥራ ነው።

ኮዱን ብሮውዘር ላይ ከፍተን አይተነዋል። «ደረሰኝ ቁረጥ» በተን ይመስላል እንጂ በተን አይደለም፤ ቀለም የተቀባ ዲቭ፣ ማለትም ምንም ተግባር የሌለው ባዶ ሳጥን ነው፣ የሚሰማውም የማውስ ክሊክ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ታብ አያገኘውም፣ ስክሪን ሪደሩም «በተን» ብሎ አያነበውም። ዲቩን አውጥታችሁ በኤችቲኤምኤሉ በተን ብትተኩት ኢንተርም ስፔስም ያለ ተጨማሪ ኮድ ይሠራሉ። ዲቩን አንለቅም ካላችሁ ምንነቱን ለስክሪን ሪደሩ የሚናገረውን ሮሉን በተን ማለት፣ የታብ ተራውን የሚወስነውን ታብኢንዴክሱን 0 ማድረግ፣ ለኢንተርና ለስፔስ ኮድ መጻፍ፣ ስፔስ ሲመታ ገጹ ወደ ታች እንዳይሸሽ ማገድ ይጠበቅባችኋል። የትኛው እንደሚቀል ለእናንተ አይነገርም።

በሚያዝያው አፕዴት የተደረገው ግን ሌላ ነው፤ ለአንዳንዱ ሊንክና ሳጥን ታብኢንዴክስ 1፣ 2፣ 5 ተሰጠው። ከ0 በላይ የተሰጠው ሁሉ በገጹ ላይ ካሉት ከቀሩት ይቀድማል። ግርጌ ላይ ያለው «ስለ እኛ» ሁለተኛ የወጣው 2 ስለተጻፈበት ነው። ቁጥሮቹን አንሱልን። ኮዱ ቅጹ በሚሞላበት ቅደም ተከተል ከተጻፈ ታብ ራሱ መንገዱን ያውቃል። የፎከስ ምልክቱንም መልሱ፤ ከጀርባው ቀለም ጋር ቢያንስ 3 ለ 1 ንፅፅር ያለው የ2 ፒክስል መስመር ይበቃናል። ማውስ ለሚጠቀም ሰው እንዳይታይ ከፈለጋችሁ «ፎከስ ቪዚብል» የሚባለው የሲኤስኤስ ምርጫ አለላችሁ።

የቀን መምረጫው ለብቻው ደብዳቤ ይወጣዋል። አንዴ ከተገባ መውጫ የለውም፤ ታብ ከ1 እስከ 30 አንድ በአንድ ይዞርና ተመልሶ 1 ላይ ይወድቃል፣ ኤስኬፕ ቢመታ ዝም ነው። ገጹን ከመዝጋት በቀር ማምለጫ ስለሌለ የተሞላው ቅጽ አብሮ ይጠፋል። የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ፣ ደብሊውሲኤጂ 2.2፣ በቁጥር 2.1.2 የኪቦርድ ወጥመድ የሚለው ይህን ነው፤ ያውም በዝቅተኛው ደረጃ፣ በኤ፣ የተከለከለ። የሚፈለገው ግልጽ ነው፦ ታብ ወደ ቀኖቹ አንዴ ብቻ ይግባ፣ በሚቀጥለው ይውጣ፤ የግራና የቀኝ ቀስት በአንድ ቀን፣ የላይና የታች በ7 ቀን፣ ፔጅ አፕና ፔጅ ዳውን በወር ያንቀሳቅሱ፤ ኤስኬፕ ዘግቶ ፎከሱን ወደ ከፈተው በተን ይመልስ።

ይህንንም ስትሠሩ ጳጉሜን አትርሱ። አሁን ባለው ሲስተም ነሐሴ 23 ተመርጦ «ቀጣይ ወር» ሲመታ ሠንጠረዡ ባዶ ይሆናል፣ ፎከሱም ይጠፋል፤ ሲስተሙ ጳጉሜን 23ን እየፈለገ ነዋ! በእንዲህ ያለው ጊዜ ወሩ ባለው በመጨረሻው ቀን ላይ ማረፍ አለበት፤ እሱም በ2017 ጳጉሜን 5፣ በ2019 ጳጉሜን 6 ነው። ከሁሉም የሚሻለው ግን ቀኑ በቁጥር እንዲጻፍ ሳጥኑን መክፈት ነው። 12/09/2017 ብሎ መጻፍ ለማንም ይፈጥናል።

ከዚህ ቀደም በስልክ ነግረናችሁ የታለፉትም አሉ። «ኤስ» ሲመታ ረቂቁን የሚያስቀምጠው አቋራጭ የቁልፉን ቦታ ብቻ ስለሚያይና «ሰ» የሚጻፈውም በዚያው ቁልፍ ስለሆነ፣ በአማርኛ «ሰለሞን ንግድ» ብለን ስንጀምር ገና በመጀመሪያው ፊደል ረቂቁ ተቀምጦ ገጹ ይቀየራል። የአንድ ፊደል አቋራጭ መጥፋት ወይም መቀየር መቻል አለበት፤ ይህም በዚያው መመሪያ በቁጥር 2.1.4 ተጽፏል። «እርግጠኛ ነዎት?» የሚለው መስኮት ሲከፈት ፎከሱ ከጀርባው ስለሚቀር ስክሪን ሪደሩ መስኮቱ መኖሩን አይናገርም። ሲስተሙ ደግሞ በ10 ደቂቃ ያለ ማስጠንቀቂያ ያስወጣናል፤ ቀድሞ አስጠንቅቆ ቢያንስ 20 ሰከንድ መስጠትና በአንድ ቁልፍ እንዲራዘም መፍቀድ ነበረበት። የሥልጠና መመሪያችሁም ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው «ክሊክ ያድርጉ» ነው።

ስለሆነም ተዘግቶ የነበረው ቲኬት ዛሬውኑ እንዲከፈት፣ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ እንዲስተካከል፣ ከሚያዝያ 30 ወዲህ ላለው ጊዜ የከፈልነው የድጋፍ ክፍያ እንዲመለስልን እንጠይቃለን። ባልደረባችሁ ለተናገሩት ቃልም ለሁለቱ ሠራተኞቻችን በስማቸው የይቅርታ ደብዳቤ እንዲጻፍ እንፈልጋለን። ቀኑ ካለፈ ውሉን እናቋርጣለን። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 9 የመረጃና የኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ተደራሽነትንም ስለሚጨምር፣ ጉዳዩን ለሕግ አማካሪያችን አስተላልፈናል።

ሥራው ሲያልቅ ለማሳየት ወደ ቢሮአችን ኑ። ማውሱ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል፤ አንድ ደረሰኝ ከደንበኛው ስም እስከ ኅትመት በኪቦርድ ብቻ ቆርጣችሁ ስታሳዩን ቲኬቱን «ተፈትቷል» ብለን የምንዘጋው እኛ ነን።

ከሰላምታ ጋር

የሒሳብ ክፍል ኃላፊ
ሜክሲኮ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለሕግ አማካሪያችን