ሰደፉን አትፋቀው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ በአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ ወጣት በ230 ዶላር አሮጌ የጣሊያን ካርካኖ ጠመንጃ እንደገዛ ጽፎ ነበር። ጠመንጃው ከኢትዮጵያ የመጣ ነው። ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አዲስ ቫርኒሽ ሊቀባው አስቧል። ከዚያ ከጓደኞቹ ጋር ሬንጅ፣ ማለትም የተኩስ መለማመጃ ቦታ፣ ወስዶ ሊተኩስበት ነው። ደስታው ከጽሑፉ ያስታውቃል። እኔም ያንን ደስታ አውቀዋለሁ። ግን ሁለት ነገር አሳስቦኛል። አንዱ የራሱ ዓይንና ፊት ነው። ሌላው ሰደፉ ነው። በዕድሜ ስለምበልጠው አንተ እያልኩ ብጽፍለት ቅር እንደማይለው ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አሜሪካ ከገባሁ 24 ዓመት ሆነኝ። መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው የምሠራው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በወር አንዴ ቢሆን፣ ሬንጅ እሄዳለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ነው ያስለመደኝ። መጀመሪያ የእሱን ሞዚን ናጋንት የሚባል የሩሲያ ጠመንጃ ነበር የምተኩሰው። እሱ የገዛው የዛሬ 15 ዓመት ገደማ ሲሆን ያኔ ዋጋው ከ100 ዶላር በታች ነበር። ዛሬ በዚያ ዋጋ የሚገኝ የለም። ለዚህ ነው እንደ እኛ ያለ ኪሱ ሳሳ ያለ ሰው ዓይኑን ካርካኖ ላይ የሚጥለው።

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ የደረሰብኝን ልንገርህ። የመጀመሪያ ግዢዬ ከአንድ የጠመንጃ ባዛር ነበር። ሻጩ "የጣሊያን ነው፣ 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት ይጎርሳል፣ ዝም ብለህ ተኩስ" አለኝ። 180 ዶላር ከፈልኩ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ የሥራ ባልደረባዬ ሬንጅ ከመሄዳችን በፊት ጠመንጃ ጠጋኝ ዘንድ ወሰደኝ። ባለሙያው አገላብጦ አየውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ካርካኖ አልነበረም። ቬተርሊ ነው። ቬተርሊ በ1870 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ጠመንጃ ነው። አድዋ ላይ ብዙው የጣሊያን ወታደር ይዞት የመጣው እሱን ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣሊያኖች ጠመንጃ አጠራቸው። ስለዚህ በቬተርሊው ቱቦ ውስጥ ሌላ ጠባብ ቱቦ አስገብተው 6.5 ጥይት እንዲጎርስ አደረጉት። ጥይቱ ይገባል። ይተኮሳልም። ብረቱ ግን የተሠራው ለዚያ ግፊት አይደለም። ባለሙያው "ግድግዳ ላይ ስቀለው፣ ፊትህ አጠገብ ግን አትተኩሰው" አለኝ። እስካሁን ግድግዳዬ ላይ አለ። ሻጩ አውቆ ይሁን ሳያውቅ፣ በዚያ ቃሉ ዓይኔን ሊያሳጣኝ ይችል ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ያናድደኛል።

ስለዚህ የገዛኸው በርግጥ ካርካኖ መሆኑን አረጋግጥ። ካርካኖ ከሆነ መልካም ጠመንጃ ነው። ብዙ ሰው ሲያጣጥለው እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። ጣሊያኖች ከ1891 ጀምሮ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ተዋግተውበታል። በቱቦው ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ መስመር እንኳ በጥንቃቄ የታሰበ ነው። ከኋላ ላላ ብሎ ይጀምርና ወደ አፈሙዙ እየጠበቀ ይሄዳል።

የእኔ ሁለተኛው ጠመንጃ ካርካኖ ነው። አጭሩ፣ የፈረሰኛው፣ ሳንጃው ከሥሩ የሚታጠፈው። እሱም ከኢትዮጵያ የመጣ ነው። ደርሶ ሳጥኑን ስከፍት ዘይትና አቧራ አንድ ላይ ተጋግሮበት ነበር። ሦስት ቀን ጠረግኩት። ቆሻሻው ሲለቅ ቱቦው ላይ "1936" የሚል ቁጥር ብቅ አለ። ከጎኑ "XIV" ይላል። ፋሺስቶች ዘመን የሚቆጥሩት ሥልጣን ከያዙበት ከ1922 ጀምሮ ስለነበር 14ኛ ዓመታችን ማለታቸው ነው። 1936 ማለት በእኛ 1928 ነው። አዲስ አበባ የተያዘችበት ዓመት። ጨርቁን በእጄ እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ መጥታ ምን ሆንክ አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወደ ሥራው ልመለስ። ለሬንጅ ከሆነ፣ አሮጌ ጠመንጃ ከመተኮሱ በፊት ባለሙያ ሊያየው ይገባል። መዝጊያው ተዘግቶ ከጥይቱ ቂጥ ጋር የሚኖረው ክፍተት በመለኪያ ይለካል። ክፍተቱ ከሰፋ ቀለሁ ይቀደድና ትኩሱ ጋዝ ወደ ፊትህ ይመለሳል። መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ተከምሮ የኖረ ጠመንጃ መዝጊያው ከሌላ ጋር ተቀያይሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ "የውጪው መልክ ጥሩ ነው" ማለት ምንም አይጠቅምም። እኔ ለምርመራው 60 ዶላር ከፈልኩ። ከሁሉም ወጪዬ የማይቆጨኝ ይሄ ነው።

ክሊፕ መግዛትህን አትርሳ። ካርካኖ ክሊፕ የሚባል ስድስት ጥይት የሚይዝ ቆርቆሮ አለው። ጥይቱ ከነቆርቆሮው ነው ካዝናው ውስጥ የሚገባው። የመጨረሻዋ ጥይት ስትጎርስ ቆርቆሮው በሥር በኩል ይወድቃል። ያለ እሱ አንድ አንድ እያጎረስክ መተኮስ ይቻላል፤ ግን ቀለህ የሚጎትተውን ጥፍር ይጎዳዋል። ብዙ ጊዜ ጠመንጃው ያለ ክሊፕ ነው የሚሸጠው። ሬንጅ ደርሶ ነው ሰው የሚያውቀው።

ጥይትን በተመለከተ ከአገር ቤት የመጣ አሮጌ ጥይት ብታገኝም አትግዛ። አንዳንዱ ጨርሶ አይፈነዳም። አንዳንዱ ቃታውን ከሳብክ በኋላ ዘግይቶ ይፈነዳል፤ ይህ ከሁሉም የከፋ ነው። ቃታ ስበህ ዝም ካለ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሳ ሙሉ አንድ ደቂቃ ጠብቅ። ወዲያው መዝጊያውን አትክፈት። ደግሞም የድሮ ጥይት መለኮሻው ቱቦው ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል፣ በማግስቱ ዝገት ታያለህ። ዘይት ብቻውን ጨውን አያነሳውም። መጀመሪያ በፈላ ውኃ ማጠብ፣ ከዚያ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት ነው። አዲስ ጥይት ከፈለግክ የሰርቢያው ፕርቪ ፓርቲዛን ፋብሪካ ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ እወቅ። የካርካኖ ቱቦ ከሌሎች 6.5 ጠመንጃዎች ትንሽ ይሰፋል፤ 0.268 ኢንች አካባቢ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው የጥይት እርሳስ ብዙውን ጊዜ 0.264 ነው። ቱቦው ያረጀ ከሆነ እርሳሱ ይላላና ዒላማው ላይ ይበታተናል። ያኔ ጠመንጃውን አትርገም።

ማነጣጠሪያውም ለጦር ሜዳ የተሠራ ነው እንጂ ለ100 ያርድ ወረቀት አይደለም። እኔ መጀመሪያ ቀን ስድስቱንም ተኩሼ ወረቀቱ ላይ አንድ ቀዳዳ አጣሁ። ሁሉም ከላይ አልፈው ነበር። ወደ 50 ያርድ ቀርቤ፣ የፊተኛውን ምልክት ከኋለኛው ስንጥቅ ውስጥ ዝቅ አድርጌ ስይዘው ወረቀቱን አገኘሁት። አሁን አምስቱን በመዳፌ ልክ አስገባለሁ። ለ90 ዓመት ሽማግሌ ጠመንጃ ይህ ቀላል አይደለም።

ወጪውን ልንገርህና ተዘጋጅበት። ጠመንጃው 220 ዶላር። ማጓጓዣውና የተቀባዩ ሱቅ አገልግሎት 70። ምርመራው 60። ስምንት ክሊፕ 50። ሦስት ፓኮ ጥይት 85። ድምሩ 485 ዶላር መጣ። ለልጆቼ ስል የገዛሁት የብረት ካዝና ሳይቆጠር ማለት ነው። በቨርጂኒያ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሚደርስበት ቦታ ጥሎ ልጁን ለአደጋ ማጋለጥ በሕግ ያስጠይቃል። ሕጉ ባይኖርም እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ።

ወረቀቱን በሚመለከት ባጭሩ። ድሮ እዚህ አገር ጠመንጃ በፖስታ ይታዘዝ ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉበትም ካርካኖ በ1963 በፖስታ የተገዛ ነው፤ ዋጋው ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ 19 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር። የ1968ቱ ሕግ ያንን በር ዘጋ። ዛሬ ፈቃድ ያለው ሱቅ ሄደህ ቅጽ ትሞላለህ፣ ባክግራውንድ ቼክ፣ ማለትም የኋላ ታሪክህ ማጣራት፣ ይደረጋል። ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ጠመንጃዎች የሰብሳቢ ፈቃድ የሚባልም አለ፤ ለሦስት ዓመት 30 ዶላር ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መያዝም አይፈቀድለትም። በተለይ ይህን አደራ እላለሁ፦ ወረቀት የሌለው ዘመድህ ገንዘብ ሰጥቶህ በአንተ ስም ግዛልኝ ቢልህ እሺ አትበል። ቅጹ ላይ ትክክለኛው ገዢ አንተ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። መዋሸት የፌዴራል ወንጀል ነው። ይሉኝታ ብዙ ሰው እንዳበላሸ ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ወደ ሰደፉ።

የእኔው ሰደፍ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ ነበር። ያገር ሰው በጥሬ ቆዳ ጠፍሮ አስሮታል። ቆዳው ደርቆ እንጨቱን እንደ ብረት ይዞታል። ጠመንጃ ጠጋኙ ሲያየው ከዚህ የተሻለ አላስርም አለ። በግራ በኩል በቢላ የተቀረጸ መስቀል አለ። ከሥሩ ሁለት ፊደል፦ "ታ" እና "ወ"። ከዚያ አምስት ትንንሽ ጭረቶች። የምን ቁጥር እንደሆኑ እንጃ። ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ እንጨቱ ጠቁሮ ለስልሷል። ያ የሰው ፊት ነው ያለሰለሰው። ላብና ቅቤ ነው።

አያቴ የመንዝ ሰው ነበር። ምንሽር ነበረው። ከጣሊያን እጅ የማረከው ነው ይባል ነበር። እልፍኙ ምሰሶ ላይ ይሰቀላል። እኛ ልጆች መንካት አይፈቀድልንም። የጀግና ቀብር ሲኖር ብቻ ይወርዳል። ጥይቱን ቆጥሮ ነው የሚያስቀምጠው። ዓመት በዓል ሲመጣ ሰደፉን በቅቤ ያሸው ነበር፤ ያ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። በደርግ ጊዜ መሣሪያ አስረክቡ ተባለ። ተሸክሞ ሄዶ አስረከበ። ሲመለስ ባዶ ትከሻውን በእጁ እየዳሰሰ እንደነበር እናቴ ትነግረኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ ማንም አልነገረንም።

እኔ የገዛሁት የአያቴ ነው አልልም። ፊደሎቹም የእሱ ስም አይደሉም። ግን የሆነ ሰው አያት ነው የቀረጻቸው። ይህ ሰው ጠመንጃውን ከፋሺስት እጅ ወሰደ፣ ስሙን ጻፈበት፣ መስቀሉን አኖረበት፣ ሲሰበር በበሬ ቆዳ ጠገነው። ቱቦው ላይ ያለውን "XIV" ማንም ሊፍቀው አይችልም፣ ብረት ነው። የእኛ ሰው ጽሑፍ እንጨት ላይ ነው ያለው። ብርጭቆ ወረቀትህ በሃያ ደቂቃ ያጠፋዋል። የጣሊያኑ ማህተም ቀርቶ የእሱ ስም ይሄዳል ማለት ነው።

ወንድሜ፣ ጠመንጃውን ተኩስበት። ለዚያ ነው የገዛኸው፣ እኔም እተኩሳለሁ። ሰደፉን ግን በለስላሳ ጨርቅና በጥቂት የተልባ ዘይት ብቻ አብሰው። ከመንካትህ በፊት ፎቶ አንሳ። ፀሐይ በጎን በኩል ሲመታው አዙረህ እየው፤ በጠራራ ብርሃን የማይታይ ፊደል ያን ጊዜ ይወጣል። የእኔን "ወ" ያየሁት ከሁለት ወር በኋላ በመስኮት ብርሃን ነው።

ከስምንቱ ክሊፖቼ አራቱን ለአንተ ለይቼ አስቀምጫለሁ። በፖስታ አድርጌ ለዝግጅት ክፍሉ እልካለሁ፤ ከዚያ ተቀበል። የጠጋኙንም አድራሻ አብሬ እጽፍልሃለሁ። ሰደፍህ ላይ የተቀረጸ ነገር ካገኘህ ምን እንደሚል በዚሁ ገጽ ጻፍልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ