ለወላጆች፦ ስለ ቅዳሜው ጉብኝት

ውድ ወላጆች፣ ጤና ይስጥልን።

በሚመጣው ቅዳሜ ክፍል ውስጥ አንማርም። ልጆቹን ይዘን ሳን ፍራንሲስኮ፣ ፍራንክሊን ጎዳና ላይ ያለውን የሃስ-ሊሊየንታል ቤት እንጎበኛለን። አንዳንዶቻችሁ «የምናመጣቸው አማርኛ እንዲማሩ ነው፤ የፈረንጅ ቤት ምን ያደርግላቸዋል?» ብላችሁኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ቤቱን ያሠራው ዊሊያም ሃስ የሚባል ነጋዴ ነው። ከባቫሪያ፣ ጀርመን ተነስቶ በ1865 (እዚህ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) አሜሪካ ሲገባ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ኋላ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ መጥቶ ከዘመዶቹ ጋር በጅምላ የግሮሰሪ ንግድ ተሰማራ፤ ሲያልፍለት በ1886 ይህን ቤት አሠራ። ዘመድ ጋ ገብቶ ከንግድ መጀመር ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም፣ ብዙዎቻችሁ ኖራችሁታል።

ቤቱ ሬድዉድ በሚባለው የካሊፎርኒያ እንጨት የተሠራ ነው። ጥግ ላይ ክብ ማማ አለው፤ ከውጭ ሲያዩት ሰው ቆሞ ከተማውን የሚያይበት ይመስላል፣ ግን ወደ ውስጥ ሲገቡ መስኮቶቹ ከወለሉ በጣም ከፍ ያሉ ናቸው፣ ለጌጥ ብቻ። ልጆቹ ይህን ራሳቸው ያግኙት፣ አትንገሩብኝ! በ1906 ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ የተነሳው እሳት የከተማውን መሃል ሲያወድም በዚያ በኩል ቫን ኔስ ጎዳና ላይ ቆመ። ከዚህ ቤት አንድ ብሎክ ብቻ ነው።

እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነው። የሃስ ልጅ አሊስ እስከ 1972 ድረስ እዚያው ኖራለች። ከዚያ ቤተሰቡ ቤቱን ከነዕቃው ለቅርስ ጠባቂ ድርጅት ሰጠው፣ ዛሬ ሙዚየም ነው። የአያቶች ወንበርና የመመገቢያ ክፍል እንዳለ ቆይቷል። የኛ ልጆች የአያታቸውን ቤት የሚያውቁት በስልክ ቪዲዮ ነው፤ እሱም ኔትወርክ ሲኖር።

ስለዚህ የቤት ሥራው ለእናንተም ነው። ልጆቹ ስላደጋችሁበት ቤት ይጠይቋችኋል፦ ማን ሠራው፣ በምን ተሠራ፣ ማድ ቤቱ የት ነበር፣ አሁን ማን አለበት። የጭቃ ይሁን፣ የቀበሌ ቤት ይሁን፣ ኪራይ ይሁን፣ ሳታፍሩ በአማርኛ ንገሯቸው። አንድ ገጽ ጽፈው ይምጡ። እባካችሁ እናንተ አትጻፉላቸው፤ ፊደል ቢሳሳቱ እኛ እናርማለን።

መግቢያውን ትምህርት ቤቱ ይከፍላል። እዚያ ሰፈር መኪና ማቆሚያ ማግኘት ፈተና ስለሆነ ጎረቤት ለጎረቤት ተቀናጅታችሁ በአንድ መኪና ኑ። አብራችሁን የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ በወላጆች ቴሌግራም አሳውቁኝ።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር