ለእኅቴ፣ ከሠርግሽ በፊት

ደርሃም፣ ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ
ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

ውድ እኅቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማዬ፣ አባባ፣ ታናሻችን፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን ናችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን እዚህ ላይ ልግታው፤ አራት ወር ሙሉ ዝም ብዬ ከርሜ ዛሬ በሰላምታ ብዛት ላባብልሽ አልፈልግም።

ትናንት 700 ፓውንድ በሐዋላ ልኬያለሁ። የመቀበያውን ቁጥር በስልክ ለአንቺ ብቻ እነግርሻለሁ። ከገንዘቡ በመጀመሪያ የሚነሳው የአባባ የዓይን ሕክምና ነው። ከአዳራሹ በፊት፣ ከልብሱ በፊት፣ ከሁሉም በፊት። «ከሠርጉ በኋላ ይደርሳል» ማለታቸውን ጽፈሽልኛል። አይደርስም። እሳቸው ሠላሳ ዓመት ከደሴ አዲስ አበባ አውቶቡስ ሲነዱ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው የጣርማበርን ጉም ሰንጥቀው ሲያልፉ፣ ያን ሁሉ ሰው በሰላም ያደረሱት በዓይናቸው ነው። አሁን ሴት ልጃቸውን ሲድሩ ፊቷን እንደ ጥላ ማየት የለባቸውም። ሞራ ማንሳት ዛሬ ከባድ ሕክምና አይደለም። ፈርተው ከሆነ ግን ፈራሁ አይሉሽምና እጃቸውን ይዘሽ አንቺው ውሰጃቸው።

ድምፄ የጠፋው ሥራው ትንሽ ቀዝቅዞ ስለነበር ነው። የመጋዘኑ ሰዓት ተቀንሶብን ነበር፤ አሁን ተስተካክሏል። ባዶ እጄን መደወል ከበደኝ። ስልኩን አንስቼ ስንት ጊዜ መልሼ እንዳስቀመጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ጤናዬ ደህና ነው፣ ምግቡም ይስማማኛል፤ ለእማዬ ይህን ደጋግመሽ ንገሪያት።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። በነሐሴ የላክሁላችሁን ፎቶ፣ ከሚኒባሱ አጠገብ የክለቡን ጃኬት ለብሼ የቆምኩበትን፣ ታናሻችን «ወንድሜ በእንግሊዝ ክለብ» ብሎ ለሰው ሁሉ አሳይቷል። ልጅ ነው፤ ደስ ብሎት ነው። ነገር ግን ወሬው የእጮኛሽ ሽማግሌዎች ጆሮ ደርሶ፣ በግቢያችን በድንኳን ሊሆን የታሰበው ድግስ የሆቴል አዳራሽ ሆነ አሉ። አጎታችንም ደውለው «በኳስ አገር፣ በኳስ ክለብ ውስጥ ተቀምጠህ ለእኅትህ ሠርግ ትሰስታለህ?» አሉኝ። መልስ አልሰጠኋቸውም። ሌሊቱን ሙሉ ግን መልሱን ለራሴ ስናገር አደርኩ። ስለዚህ አንቺ ኳስ ባትወጂም ታገሺኝና አንብቢው፤ ለእነሱ በትክክል የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ።

በዚህ አገር ክለቦች እንደ መሰላል ደረጃ አንዱ ከአንዱ በላይ የቆሙ ናቸው። ደሴ በየቡና ቤቱ ቴሌቪዥን የሚታዩት፣ ፕሪሚየር ሊጉ ውስጥ ያሉት፣ 20 ናቸው። ከእነሱ በታች በሦስት እርከን የተደለደሉ 72 ክለቦች አሉ። ከእነዚህ 92 ክለቦች በታች ያለው ሁሉ በጅምላ «ኖን ሊግ» ይባላል። የእኛ ክለብ ከላይ ሲቆጠር ዘጠነኛው እርከን ላይ ነው። ቅዳሜ መቶ ሃምሳ ሰው ከመጣ ጸሐፊያችን ደስ ብሏቸው ይውላሉ። እኒህ ጸሐፊ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ማልያውንም የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው። አምበላችን የቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ግብ ጠባቂያችን የሕፃናት አስተማሪ ነው። ለአብዛኞቹ የሚከፈላቸው ከነዳጅ ብዙም አያልፍም። እኔ ደግሞ ምንም አይከፈለኝም። የበጎ ፈቃድ ሾፌር ነኝ። የማገኘው ከጨዋታ በኋላ ከተጫዋቾቹ ጋር አንድ ሳህን ትኩስ ምግብ ነው። እንጀራዬ የሚወጣው ከመጋዘኑ ነው።

«ታዲያ በነፃ ለምን ትደክማለህ?» ትይኛለሽ። የመጀመሪያው ክረምቴ ላይ፣ ሦስት ቀን ከማንም ጋር ሳልነጋገር የቆየሁበት ቅዳሜ ነበር። የመብራት ምሰሶዎቹን አይቼ ሄድኩ። ጸሐፊው በሩ ላይ ቆመው ትኬት ይቆርጡ ነበርና እየተንቀጠቀጥኩ ሲያዩኝ ገንዘብ ሳይጠይቁ አስገቡኝ፤ ሻይ ሰጡኝ። በሦስተኛው ሳምንት «መኪና ትነዳለህ?» አሉኝ። «የሾፌር ልጅ ነኝ» አልኳቸው። ይህን ስናገር ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ራሴ ሰማሁት። በዚህ አገር ስለ ራሴ የተናገርኩት የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያ ይመስለኛል።

ለታናሻችን የሚሆን ነገርም አለኝ። «ጄሚ ቫርዲም ከታች ነው የተነሳው፣ እኔንም ሞክርልኝ» ብሎ ጽፎልኛል። እውነቱን ነው፤ ቫርዲ ስቶክስብሪጅ ፓርክ ስቲልስ በሚባል ትንሽ ክለብ በሳምንት 30 ፓውንድ እየተከፈለው፣ ቀን ፋብሪካ እየሠራ ይጫወት ነበር፤ በ2016 ከሌስተር ጋር ሻምፒዮን ሆነ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ)። አባባም ክሪስ ዋድልን ያስታውሳሉ፤ በ1990ው የዓለም ዋንጫ በቱሪን ከምዕራብ ጀርመን ጋር ፍጹም ቅጣት ምቱን ወደ ሰማይ የሰደደውን። እሱ የተገኘው እዚሁ አጠገባችን ካለው የቶ ሎው ታውን ክለብ ነው፤ ኒውካስል በ1980 የገዛው በ1000 ፓውንድ ነበር። የቶ ሎው ሜዳ ኮረብታ ላይ ነው፤ ነፋሱ ሰው ይገፋል። እኔ ግን በሚኒባሴ የምጭናቸውን ወንድሞች ነው የማውቃቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷቸው፣ ማንም እንደማይገዛቸው እያወቁ፣ ማክሰኞ ማታ ከሥራ ልብሳቸው ሳይላቀቁ ወደ መኪናው የሚሮጡትን። ታናሻችን ትምህርቱን ይጨርስ። ይህን እንደ ታላቅ ወንድም ነው የምለው።

ክለቦቹም እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም፤ በአንድ እርከን ላይ ሆነው እንኳን የአንዱ ኑሮ ከሌላው እንደ ሰማይና ምድር ይራራቃል። ቤሪ የሚባለው ክለብ በ1900 እና በ1903 የእንግሊዝን ታላቅ ዋንጫ የወሰደ ነው። በገንዘብ ችግር በ2019 ከሊጉ ተባረረ። ደጋፊዎቹ እንደገና አቋቁመውት ከእኛ ጋር በተመሳሳይ እርከን፣ በምዕራቡ በኩል ሲጫወት፣ ሦስት ሺህ ያህል ሰው እየመጣ ያየው ነበር። እኛ ዘንድ የተመልካቹን ሳል ለይቼ አውቃለሁ። ሳውዝ ሺልድስ ደግሞ ሜዳ አጥቶ በሰው ከተማ ሲጫወት የሚያየው ጥቂት ሰው ነበር፤ በ2015 ወደ ከተማው ተመለሰ፣ በ2017 በታላቁ ዌምብሌይ ስታዲየም የትንንሽ ክለቦችን ዋንጫ አነሳ። ጸሐፊያችን ይህን ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል።

መንገዱን ግን ለአባባ ንገሪልኝ፤ እሳቸው ናቸው የሚገባቸው። ዘንድሮ በአምስተኛው እርከን ከደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከኮርንዋል የመጣ ትሩሮ ሲቲ የሚባል ክለብ አለ። እዚህ እኛ አጠገብ ካለው ጌትስሄድ ጋር ሲጫወት የአንድ ጊዜ ጉዞው ብቻ ከ700 ኪሎሜትር በላይ ነው። ከደሴ ተነስቶ አዲስ አበባን አልፎ ሐዋሳ እንደመድረስ ነው፤ ዘጠና ደቂቃ ተጫውቶ ደግሞ መመለስ። ገርንዚ ደሴት ላይ ያለው ክለብ ተጋጣሚዎቹ ባሕር ተሻግረው እንዲመጡለት የጉዟቸውን ወጪ ራሱ ይከፍላል። በእኛው ሰሜናዊ ሊግ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ሻምፒዮን የሆኑ ክለቦች ወደ ላይ ማደግን እምቢ ይሉ ነበር። ምክንያቱ የነዳጁና የአውቶቡሱ ወጪ ነው፤ በዚያ ላይ ሠራተኛው ተጫዋች በሥራ ቀን ያን ያህል መንገድ ሊሄድ አይችልም። ሰው አሸንፎ ባለበት ሲቀር መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። አሁን የነዳጅ ደረሰኙን ከጸሐፊው ጋር ስለምደምር ገብቶኛል።

ቀጥሎ ያለውን ለእማዬ አታንብቢላት።

በኅዳር ወር፣ በአንዱ ማክሰኞ፣ ከተራራው ማዶ ከፔንሪዝ ስንመለስ ስቴንሞር የሚባለው ዳገት ላይ በረዶ ያዘን። ከፍታው ከጣርማበር ጋር አይወዳደርም፤ የእኛው ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ጨለማውና ነፋሱ ግን ያው ነው። ፊት ለፊታችን አንድ የጭነት መኪና ተንሸራቶ መንገዱን ዘጋው፤ ከሦስት ሰዓት በላይ ቆምን። አሥራ አራት ሰው ከኋላዬ አለ፤ ሦስት ለዜሮ ተሸንፈዋል፣ ጠዋት ሁሉም ሥራ ገቢ ናቸው። አባባ ሁልጊዜ «ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» ይሉ አልነበር? መንገዱ ሲከፈት እንዲሁ አደረግሁ። እጄ መሪው ላይ ደርቆ ነበር። ቤት ስገባ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሌሊት ነበር፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጋዘን ገባሁ። በማግስቱ አምበሉ «ትናንት ማታ አንተ ስለነበርክ ልጆቼን አየሁ» ብሎ ጻፈልኝ። እኅቴ፣ ያን ቀን አባባን ፈልጌ አለቀስኩ። ለሠላሳ ዓመት ተሳፋሪ ሲወርድ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ሲላቸው ምን እንደሚሰማቸው ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

አሁን እማዬን ጥሪያት።

ሠርግሽ ላይ አልገኝም። ያለኝ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ነው፤ ወደ ሌላው አገር ሁሉ ያስኬዳል፣ ወደ ኢትዮጵያ ግን አይሆንም። ፈቃድ ከልክለውኝ ወይም ገንዘብ አንሶኝ እንዳይመስላችሁ። ሙሽራው ሲመጣ በሩን ዘግቶ መቆም የእኔ ድርሻ ነበር፤ ታናሻችን ይቁምልኝ፣ ቶሎም እንዳይከፍት። የእጮኛሽን ድምፅ በስልክ ሰምቼ ወድጄዋለሁ፤ ሰው ሲናገር አቋርጦ አይገባም። ለእሱ እውነቱን አንቺው ንገሪው። ወንድሜ መጋዘን ሠራተኛ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የድሆች ክለብ ሾፌር ነው በይው። ሰምቶ ፊቱ ካልተለወጠ አዳራሹን ይሰርዙትና ድንኳኑን በግቢያችን ትከሉ። የጦሳ ተራራ ፊት ለፊት እየታየ፣ እማዬ ጠጁን ራሷ እያስቀዳች ብትዳሪ ለእኔ ከየትኛውም ሆቴል ይበልጥብኛል። በእንሶስላ የቀላ እጅሽን ፎቶ ላኪልኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ከሁሉ የሚከብደኝም እሱ ነው። እኔ ስወጣ የተሸጠው የእማዬ የወርቅ ሐብል። ሠርግሽ ላይ አንገትሽ ላይ እንዲሆን፣ ከዚያ በፊት አስመልሳለሁ ብዬ ነበር። አልደረስኩም። ከ700ው ላይ ቀንሳችሁ እንዳትሞክሩ፤ የአባባ ዓይን ይቀድማል።

እዚህ በመኪና ብዙም ሳይርቅ ዌስት ኦክላንድ የሚባል የከሰል ቆፋሪዎች መንደር አለ። የመንደሩ ክለብ በ1909 ቱሪን ድረስ ሄዶ ሰር ቶማስ ሊፕተን ያቀረቡትን ዋንጫ ወሰደ፤ በ1911 ተመልሶ ሄደና ዩቬንቱስን 6 ለ 1 አሸንፎ ጠቅልሎ አስቀረው። የጉዞው ወጪ ግን ዕዳ ውስጥ ከተታቸው። ዋንጫውን ለመንደሩ ሆቴል ባለቤት ለአንዲት ሴት በ40 ፓውንድ አስያዙት። ያስመለሱት በ1960 ነው፣ በ100 ፓውንድ፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። በ1994 ደግሞ ሌቦች ወሰዱት፤ እስከ ዛሬም አልተገኘም። አምሳያውን አሠርተው አስቀምጠዋል። ለጨዋታ በሄድን ቁጥር ተጫዋቾቹ ልብስ ሲቀይሩ እኔ ስለሱ አስባለሁ። የእማዬን ሐብል የገዛው ወርቅ ሠሪ አቅልጦት ይሆናል፤ አውቃለሁ።

ሳሎኑ ውስጥ ከቁም ሳጥኑ በላይ የተሰቀለው ፎቶ አለ አይደል፣ እማዬ አንቺን ክርስትና ስታስነሳ የተነሳችው? ከመስታወቱ አውጥተሽ፣ በቀን ብርሃን፣ አንገቷን ብቻ አቅርበሽ በስልክ አንሺልኝ። የመስቀሉ ጫፎች ላይ ያሉት ትንንሽ እንክብሎች ስንት እንደሆኑ መቁጠር እንድችል አድርገሽ። አራት ይሁኑ ስምንት አላስታውስም፤ እማዬን እንዳትጠይቂያት። እዚህ የሚሠራልኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ የሚጠብቀው ፎቶውን ብቻ ነው።

ወንድምሽ