ሚሚዬ፣ ኑድሉን እንዳትቀቅዪው

ሚሚዬ፣

እንደምን አለሽ? አቡሽስ? እማማ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ። ያስቸገረኝ ሙቀቱ ብቻ ነው። እዚህ ታይዋን፣ የታይፔ ሙቀት እርጥበት አለው፤ ሸሚዜ ገና ከበር ሳልወጣ ይበሰብሳል።

ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ አንድ ካርቶን ልኬልሻለሁ። ከፍተሽ ስታዪው እንዳታኮርፊ ብዬ ነው ይሄን የምጽፍልሽ። ቸኮሌት አይደለም። ኑድል ነው። «ኢንዶሚ እኮ እዚህም ሱቅ ሞልቷል» እንደምትዪ አውቃለሁ። ይሄኛው ግን አይቀቀልም። ደረቁን ተሰባብሮ እንደ ቆሎ እየተዘገነ ነው የሚበላው።

አንቺና የጎረቤት ልጆች ኢንዶሚ ሳይቀቀል ስትቆረጥሙ፣ እማማ «ሆዳችሁን ይነፋችኋል!» እያሉ ሲያባርሯችሁ ትዝ ይለኛል። እዚህ አገር ነገሩ የታወቀ ነው። ኩባንያዎቹ ራሳቸው እንዲሁ እንዲበላ ብለው ይሸጡታል። አንደኛው «የሳይንስ ኑድል» ይባላል። የሚሠራው በደቡብ፣ ታይናን በምትባል ከተማ በፈረንጆቹ 1967 የተቋቋመው ዩኒ-ፕሬዚደንት የሚባል ኩባንያ ነው። ሌላው «የልዑል ኑድል» ነው፤ እሱን የሚያመርተው ቬ ዎንግ የሚባል ኩባንያ ነው። ሁለቱንም ከትቼልሻለሁ። ፓኬቱ ትንሽ ነው፣ 40 ግራም ገደማ። «የትኛው ይሻላል?» ብለሽ ከጠየቅሽ ላቦራቶሪያችን ለሁለት ይከፈላል። እኔ ከልዑሉ ወገን ነኝ።

የሚገርመኝ ልጆቹ ሳይሆኑ ትልልቆቹ ናቸው። ኑድሎቹ ልጆች እጅ የገቡት በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ነው። ያኔ ተማሪ የነበሩት ዛሬ ሃምሳን አልፈዋል። ፕሮፌሰሬ አንዱ ነው። ሽበታም ሰው ነው፣ ክራባት ሳያስር አይመጣም። ስብሰባ ሊገባ ሲል ግን ከመሳቢያው አንድ ፓኬት ያወጣና በሁለት መዳፉ መሃል ቀርጨጭ ያደርገዋል። ፍርፋሪው ክራባቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ስለ በጀት ያወራል። ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ሰፈር ሱቅ ሮጠው በሳንቲም ይገዙት እንደነበር ለማንም ይናገራል፤ ለእኔማ ስንቴ እንደነገረኝ። እዚህ የልጅነት ትዝታ ራሱን የቻለ ገበያ ነው። የድሮ ከረሜላና የድሮ መጫወቻ ብቻ የሚሸጡ ሱቆች አሉ፣ ገዢዎቹም አብዛኞቹ ልጆች አይደሉም።

አሁን ይሄኛውን ለእማማ አንብቢላቸው። ጥሬ ሊጥ አይደለም። ኑድሉ መጀመሪያ በእንፋሎት ይበስላል፣ ከዚያ በጋለ ዘይት ይጠበሳል። ሲጠበስ ውስጡ ያለው ውሃ ተንኖ ይወጣል፣ በቦታው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይቀራሉ። የፈላ ውሃ ሲፈስበት ቶሎ የሚለሰልሰው ውሃው በእነዚያ ቀዳዳዎች ስለሚገባ ነው። ውሃ ካልነካው ደግሞ እንደደረቀ ይንኮሻኮሻል። ይሄን ዘዴ በ1958 ጃፓን፣ ኦሳካ አካባቢ ሆኖ ለገበያ ያበቃው ሞሞፉኩ አንዶ የሚባል ሰው ነው። ዓለም ጃፓናዊ ብሎ ነው የሚያውቀው። የተወለደው ግን እዚህ ታይዋን፣ ጂያዪ በሚባለው አካባቢ፣ በ1910 ነው። ያኔ ደሴቷ በጃፓን እጅ ነበረች። የቢሮ ጓደኞቼ ይሄን ሳያነሱ ኑድል አይበሉም።

ስንዴውም የራሱ ታሪክ አለው። የዚህ አገር ሰው ዋና ምግቡ ሩዝ ነበር። ከ1951 እስከ 1965 የአሜሪካ ዕርዳታ ሲመጣ ከዕርዳታው ውስጥ ስንዴ ነበረበት፤ ሕዝቡም ዱቄት እንዲለምድ ብዙ ተቀሰቀሰ። የዕርዳታ ስንዴ ምን እንደሆነ እማማን ጠይቂያቸው። ጆንያው ላይ የነበረውን ጽሑፍ ሳይቀር ይነግሩሻል።

በይ ወደ አበላሉ። ፓኬቱን ሳትከፍቺ ሰባብሪው። ዋናው ነገር ይሄ ነው። ከፍተሽ ከሰበርሽው ምንጣፉ ነው የሚበላው። በመዳፍሽ ጫን ጫን አድርጊ። በቡጢ እንዳትመቺው፣ ወይ ይፈነዳል ወይ ዱቄት ይሆናል። የጥፍርሽን ያህል ቁራጭ ሲሆን አቁሚ። ከዚያ ጫፉን በትንሹ ቅደጂና የቅመሟን ከረጢት አውጪ። ግማሹን ብቻ ነስንሺ፤ ሙሉው ጨው ይበዛበታል፣ ሌሊት ውሃ ውሃ ያሰኝሻል። የፓኬቱን አፍ ጠምዝዘሽ ያዢና ናጪው። ሲያልቅ ታች የሚቀረው ደቃቅ ፍርፋሪ ከቅመሙ ጋር ነው ምርጡ። እሱን አንጋጠሽ አፍሽ ውስጥ ገልብጪው። አትፈሪ፣ ፕሮፌሰሩም የሚያደርገው እንደዚያ ነው።

አይቀቀልም ብዬሽ የለ? አንድ ቦታ ግን ይቀቀላል፣ እኔም ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ጎንግጓን በሚባለው ሰፈር ማታ ማታ ሉዌይ የሚሸጡ አሉ። ጠረጴዛው ላይ ቶፉ፣ እንጉዳይ፣ ጎመን፣ የባሕር አረም፣ የዓሣ ድቡልቡል ተደርድሯል። በሩዝ የተጋገረ የአሳማ ደምም አለ፤ ይቺን ለእማማ እንዳታነቢላቸው። ትንሽ ቅርጫትና መቆንጠጫ ይዘሽ ያማረሽን ትለቅሚያለሽ። ከላይ አንድ የልዑል ኑድል ጣል ታደርጊና ለባለቤቷ ትሰጫታለሽ። እሷ በአኩሪ አተር ሶስና በቅመም የጠቆረ ትልቅ ድስት መረቅ አላት። ጠንካራ ጠንካራውን አስቀድማ ትከታለች፣ ኑድሉን መጨረሻ ላይ። ትንሽ ቆይታ ሁሉንም ታወጣና በመቀስ ትቆራርጠዋለች። በመቀስ! በላዩ ላይ የኮመጠጠ ጎመንና የሽንኩርት ቅጠል ትበትንበታለች። «ያቃጥል?» ስትለኝ «በደንብ» እላታለሁ። ፊቴን እያየች ትጨምራለች፣ እኔ ምንም አልልም፣ ደግማ ትጨምራለች። በሚጥሚጣ ያደገ ሰው መሆኔን ከየት ታውቃለች?

ወጣቶቹ ያልሞከሩት ነገር የለም። ፍርፋሪውን እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ዶሮ ለብጠው ይጠብሱበታል። ማርሽሜሎ የሚባለውን ለስላሳ ከረሜላ በቅቤ አቅልጠው ከኦቾሎኒ ጋር ይለውሱታል፣ ሲጠጥር ይቆርጡታል። እሱ ደህና ነው። አይስክሬም ላይ የሚበትኑትም አሉ፣ እኔን ግን አልገባኝም፤ ሁለት ማንኪያ ሳትበዪ ይሟሽሻል፣ ጨውና ስኳሩም አይስማሙም። አይስክሬም ካሰኘሽ ጂዩፈን በሚባለው ተራራማ መንደር የሚሸጠውን ነው መብላት። ትልቅ የኦቾሎኒ ከረሜላ ግንድ አለ፣ እሱን በአናጢ መላጊያ ይልጉታል። ልጉን ስስ ቂጣ ላይ ይበትኑና አይስክሬም ያደርጉበታል። ከዚያ፣ ስሚኝ፣ የድንብላል ቅጠል ይጨምሩበትና ይጠቀልሉታል። ስታዪው «ወይኔ!» ትያለሽ፣ ስትቀምሺው ግን ዝም ትያለሽ።

የእኔን ፈጠራ ደግሞ ልንገርሽ። የቅመሙን ከረጢት ተዪው። መጥበሻ ላይ ትንሽ የተነጠረ ቅቤ አቅልጪ፣ ፍርፋሪውን ጨምረሽ ቶሎ ቶሎ አማስዪ፣ ቀላ ሲል አውርጂና ሚጥሚጣ ነስንሺበት። ከገብስ ቆሎና ከኦቾሎኒ ጋር ደባልቂው። ላቦራቶሪ ይዤ ሄጄ ሁለቱም ወገን አጨበጨበልኝ። እሳቱን ግን ያለ እማማ እንዳትነኪ።

በጾም ቀን ካርቶኑን ተዉት። የጾም የሆነውን ለይቼ ሌላ ጊዜ እልካለሁ። እዚህ ለእሱ አንቸገርም። የቡድሃ ተከታዮች ብዙ ስለሆኑ ሥጋ የሌለበት ምግብ ቤት በየመንገዱ አለ፣ ፓኬት ላይም ተለይቶ ይጻፋል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ የማይነኩ አሉ። ያለ ሽንኩርት ወጥ አስቢው እስቲ።

ከካርቶኑ ሥር አንድ አረንጓዴ ፓኬት ታገኛለሽ። ስሙ ኩዋይኩዋይ ነው፣ ከተነፋ በቆሎ የሚሠራ፣ ኮኮናት ኮኮናት የሚል። እሱ ለመብላት አይደለም። በ1968 ለልጆች ተብሎ የወጣ ነገር ነው፤ ድሮ ውስጡ መጫወቻ ነበረበት። ስሙ «ጨዋ ሁን፣ አትረብሽ» እንደማለት ስለሆነ ዛሬ መሐንዲሶች ማሽን ላይ ያስቀምጡታል፣ ማሽኑ እንዳይበላሽ። ቀልድ እንዳይመስልሽ። የኮምፒውተር ሰርቨር ላይ፣ ሆስፒታል ውስጥ መሣሪያ ላይ ታዪዋለሽ። ደንብ አለው። አረንጓዴ መሆን አለበት፣ ደህና እየሠራ ያለ ማሽን አረንጓዴ መብራት ስለሚያበራ። ቢጫ አይሆንም፣ ቀይማ ጭራሽ። ጊዜው ካለፈበት ይቀየራል። ከፍቶ የበላ ደግሞ ማሽኑ ሲቆም የሚጠየቀው እሱ ነው። እኛ ላቦራቶሪ ሚሊዮኖች የሚያወጣ መሣሪያ ላይ ጉብ ብሏል፤ ጊዜው ማለፍ አለማለፉን የሚከታተል ተማሪ እንኳ ተመድቧል። በዶክትሬት ደረጃ! እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። አሁን ግን ጠዋት ስገባ እሱን ሳላይ ማሽኑን አላስነሳም።

አቡሽ ኮምፒውተሩ እየቆመ አስቸገረኝ ብሎኝ ስለነበር ነው የላኩት። ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጡት፣ ኮምፒውተሩንም ቢሆን ባለሙያ ጋ ውሰዱት።

ኑድሉን እኩል ተካፈሉ። የጎረቤት ልጆችንም አትርሺ፣ እማማንም በትንሹ አስቀምሻቸው። ሚጥሚጣውን ስትነሰንሺ መስኮቱን ክፈቺ፤ አቡሽ ማስነጠስ ከጀመረ አያቆምም። ከሳይንሱና ከልዑሉ የትኛው እንዳሸነፈ ጻፊልኝ፣ ላቦራቶሪው እየጠበቀ ነው።

አባትሽ
ታይፔ