ሕጉ የሚፈቅደውም ይነገር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ቅጂ መብት በተጻፈ ቁጥር ጎልቶ የሚነሳው ክልከላው ብቻ መሆኑ ያሳስበኛል። የቅጂ መብት ዓለም አቀፍ ውል የሆነው የበርን ስምምነት ራሱ፣ በሕጋዊ መንገድ ለሕዝብ ከቀረበ ሥራ ላይ፣ ምንጩና የደራሲው ስም እስከተገለጸ ድረስ፣ ለዓላማው በሚበቃ መጠን ያለ ፈቃድ መጥቀስን ይፈቅዳል። ማባዛትን በተመለከተ ግን ጠበቅ ይላል፤ ያለ ፈቃድ ማባዛት የሚፈቀድበት ልዩ ሁኔታ የተወሰነ፣ የሥራውን መደበኛ ገበያ የማይሻማና የደራሲውን ሕጋዊ ጥቅም ያለ አግባብ የማይጎዳ መሆን አለበት።

ዓይነ ስውር ለሆነ ወዳጄ ለዓመታት መጻሕፍት ሳነብ ኖሬያለሁ። «እስቲ ያችን አንቀጽ ድገምልኝ» ሲለኝ ገጹን ገልጬ እመለሳለሁ፤ ድምፄ ሲደክም ግን የእሱም ንባብ አብሮ ይቆማል። መጽሐፉ በብሬል ቢኖር ኖሮ ጣቱን መልሶ ራሱ ይደግመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የማራካሽ ስምምነት ለዚህ የቆመ ነው፦ ለትርፍ የማይሠሩ የተፈቀደላቸው ተቋማት ያለ ባለመብቱ ፈቃድ መጻሕፍትን ወደ ብሬል ወይም ወደ ድምፅ እንዲቀይሩና ከአባል አገር ወደ አባል አገር እንዲልኩ መንገድ ይከፍታል። በዚህ ደራሲው የሚከስር አይመስለኝም፤ ብዙዎቹ መጻሕፍት ዓይነ ስውራን በሚያነቡት መልክ ለገበያ ቀርበው አያውቁምና።

ጋዜጣችሁ ስለ ቅጣቱ በሚጽፍበት ዓምድ ይህንንም እንዲያስነብብ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ