«አየር ስጡት!» ብቻውን አያድንም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጎንደር ውስጥ ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። አንዱ ክብሪት ጭሮ ያሸታል፣ አንዱ ውኃ ይረጫል፣ ሌላው «አየር ስጡት!» እያለ ሰዉን ይገፋል። ደረቱ ላይ እጁን የሚያሳርፍ ግን አይገኝም።

ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ልቡ የቆመ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደርሰን በባጃጅ ነው፤ ጉልበቱ ታጥፎ፣ አንገቱ ዘመድ ጭን ላይ ተጣሞ። «አሁን ነው የወደቀው» ይሉናል። ሲጣራ ሩብ ሰዓት አልፎታል፤ ከአዘዞ ከሆነማ ከዚያም በላይ። አንጎል ደግሞ ደም ከተቋረጠበት ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ መጎዳት ይጀምራል።

የወደቀው ሰው ሲጠሩት ካልሰማ፣ በደንብም ካልተነፈሰ፣ አንድ ሰው መኪና ይጥራ። ሌላው እዚያው አስፋልቱ ላይ በጀርባው አስተኝቶ የደረቱን መሃል በሁለት እጁ ይጫን። ክርኑን ሳያጥፍ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ያደክማል፤ በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ። አፍ ለአፍ መተንፈስ ያልሠለጠነ ሰው ቢተወው ምንም አይደል። አልፎ አልፎ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ቢያሰማ «ይተነፍሳል፣ ተዉት» እንዳትሉ፤ እሱ ማጣጣር ነው። የወደቀችው ሴት ብትሆንም ያው ነው። በሞትና በሕይወት መሃል ላለች ሴት ነውር የሚባል ነገር የለም።

«ነክቼው ቢሞትስ? ፖሊስ እኔን ቢይዘኝስ?» የሚሉም አሉ። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 የሚቀጣው ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት እየቻለ፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለን ሰው አውቆ የተወውን ነው።

ሥልጠና የት ይገኛል ለሚል፣ እኔ ተስፋዬ እድር ላይ ነው። ድንኳኑን ለመትከል የሚሰበሰበው ሰው ድንኳኑ እንዳይተከል ግማሽ ሰዓት ቢለማመድ ምን ይጎዳዋል? የባጃጅ ማኅበራትም ቢጨመሩበት ጥሩ ነው፤ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚጠሩት እነሱ ናቸውና። ከጥምቀት በፊት ቢሆን ደግሞ እመርጣለሁ። ጥር 11 ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ሰው ቢወድቅ አምቡላንስ በየት በኩል ይገባል?

መለማመጃ አሻንጉሊት ባይገኝ ጠንከር ያለ ትራስ ይበቃል። ለሚጠራኝ እድር ትራሱን እኔው ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ነርስ፣ ከጎንደር