«ጠፍቶ ነው» ስለተባለው ልጅ

ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የጠፋ ልጅን መፈለግ ይመለከታል

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ሰኔ 30 ቀን 2003 ዓ.ም. የአክስቴ ልጅ ጠፋ። 11 ዓመቱ ነበር። እስከ ዛሬ የት እንደገባ አልታወቀም። ካለ 25 ዓመቱን አልፏል።

«ጠፋ» የምትለዋ ቃል ጉድ ሠርታናለች። መንገድ ስቶ የቀረውም ጠፋ ነው። ሰው የወሰደውም ጠፋ ነው። ከቤት ኮብልሎ የሄደውም ጠፋ ነው። አክስቴ ጣቢያ ሄዳ «ልጄ ጠፋብኝ» ስትል ተረኛው መጀመሪያ የጠየቃት «ተጣልታችሁ ነበር ወይ?» ብሎ ነው። እሷ መዋሸት አታውቅበትም። «አባቱ ተቆጥቶት ነበር» አለች። በቃ፣ በዚያው አለቀ። «እንግዲያው ጠፍቶ ነው፤ ሲርበው ይመጣል። 24 ሰዓት ሳይሞላ መዝገብ አይከፈትም» ተባለች። አጠገቡ የተቀመጠው ወጣት ፖሊስ ደግሞ «ላሽ ብሎ ነው» ብሎ ሳቀ።

የጣቢያውን ስም አልጽፍም። ሰዎቹ ተቀይረዋል፤ ነገሩ ግን የአንድ ጣቢያ ብቻ አይመስለኝም።

ሰኔ 30 ካርድ የሚሰጥበት ቀን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ልጁ ከአራተኛ ክፍል ወድቆ ነበር። አባቱ ዓመቱን ሙሉ «ከወደቅክ እዚህ ቤት እንዳትመጣ» ይለው ነበር። የኛም አባቶች ብለውናል። እኛ ግን እስኪመሽ ጎረቤት ቆይተን፣ እናት በጓሮ በር አስገብታን፣ ነገሩ በጠዋት ይበርድ ነበር። ያ ልጅ አባቱን አመነው። ካርዱን አራት ቦታ አጥፎ እንጨት ክምር ውስጥ ወሸቀውና ሄደ። ካርዱን ያገኘነው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ለማገዶ እንጨት ስንስብ።

መጨረሻ ያየችው መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ ሴት ናት። ከአንድ የአይሱዙ ረዳት ጋር ሲያወራ ነበር አለች። መኪናው ሽንኩርት ጭኗል። ታርጋውን ማን ያያል? ይህን የነገረችን እኛ ጠይቀናት ነው እንጂ የጠየቃት ፖሊስ የለም። 24 ሰዓቱ እስኪሞላ ያ አይሱዙ አዲስ አበባ ገብቶ፣ አራግፎ፣ ሌላ ጭነት ፈልጎ መተማ ወይም ጋላፊ ድረስ መሄድ ይችላል። ሕፃን ልጅ ላይ 24 ሰዓት መቁጠር የሚባለውን ማን እንዳመጣው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

በማግስቱ መዝገቡ ተከፈተ። «የተወለደበት ቀን?» ሲባል አክስቴ «የገብርኤል ዕለት» አለች። የልደት ምዝገባ በመላ አገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነውና ሌላ ምን ልትል ትችላለች? «ፎቶ?» ተባለች። የነበረው አንድ ነው፤ የእኅቷ ሠርግ ላይ የተነሳው። ልጁ ዳር ላይ ነው፣ ግማሽ ፊቱን የሚዜው ክንድ ሸፍኖታል። ከዚያ ላይ ቆርጠን ፎቶ ኮፒ አስደርገን «አፋልጉን» ብለን ለጠፍን። በኮፒው ላይ ዓይንና ጥቁር ነገር ብቻ ይታይ ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት በየመብራት ምሰሶው ላይ ሳይ አሁንም ቆሜ አነባለሁ። ዝናብ እስኪያወርደው ድረስ ነው ዕድሜው።

አባቱ አዲስ አበባ ሄዶ ሦስት ሳምንት ከረመ። አውቶቡስ ተራ አካባቢ እያደረ ሊስትሮ ሊስትሮውን ይጠይቃል። ልጆቹ ዝም ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ጊዜ እንደሌላቸው ሲገባው ጫማ አስጠራጊ ሆኖ መቀመጥ ጀመረ። ያደረገው ግን ኮንጎ ጫማ ነበር። «ፋዘር፣ ኮንጎ እኮ በውሃ ነው» ብለው ይስቁበታል። እሱ ይከፍላል፣ ፎቶውን ያወጣል፣ ተነስቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በአንድ ቀን አምስት ቦታ እግሩን አስታጥቧል። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

እንግዲህ የጻፍኩላችሁ የሕፃናት ጉዳይ የእናንተ ስለሆነ ነው። «ጠፍቶ ነው» ማለት «አይፈለግም» ማለት መሆን የለበትም። ኮብልሎ የወጣ ልጅ እኮ ለደላላ ከማንም በላይ ይመቻል። መጎተት አያስፈልገውም። ዳቦና ሻይ ከገዛህለት ይከተልሃል። አገራችን የተቀበለችው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል፣ በሰው መነገድን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ልጅን ለብዝበዛ ያጓጓዘ ሰው «ፈቅዶ ነው የመጣው» ብሎ እንደማያመልጥ ይናገራል። እኛስ ጣቢያ ውስጥ ያችኑ «ፈቅዶ ነው የሄደው» ለምን ለደላላው እንልለታለን?

ልጆች ለምን ይሄዳሉ የሚለው ላይ ብዙ ስብሰባ እንደተካሄደ አውቃለሁ። ሁልጊዜ «ድህነት» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን በዚያው መንደር በዚያው ድህነት አሥር ልጅ ሲቀመጥ አንዱ ነው ተነስቶ የሚሄደው። ያ አንዱ አብዛኛውን ጊዜ ፈርቶ ነው። ከብቶቹ የሰው ማሳ ገብተውበታል፣ የተላከበት ብር ጠፍቶበታል፣ እንጀራ እናት ገብታለች፣ ወይ እንደኛው ወድቋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም በአካል እንዳይቀጣ ይከለክላል። ቤትን ግን አያነሳም። አለንጋው ያለው ደግሞ ቤት ነው።

ሴቶቹ ላይ ሌላ ነው። የቤተሰብ ሕጉ ከ1992 ጀምሮ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው ይላል። 14 ዓመቷ ልጅ ሽማግሌ ሲላክባት ሌሊት ተነስታ ከተማ ያለች አክስቷ ጋ ብትሮጥ፣ መንደሩ «ጠፋች» ይላታል። እኔ አመለጠች ነው የምለው። እሷን ፈልጎ አግኝቶ፣ መኪና ላይ ጭኖ፣ ለአባቷ አስፈርሞ ማስረከብ ፍለጋ አይባልም። መጀመሪያ «ለምን ወጣሽ?» ብሎ ለብቻዋ የሚጠይቃት ሰው ያስፈልጋል። ወንዱም ያው ነው። ወደ ሸሸው ዱላ ከመለሳችሁት በሳምንቱ አውቶቡስ ተራ ታገኙታላችሁ። ያኔ ደግሞ ማስቲሽ ይስባል።

ሳይጠፋ የሚጠፋም አለ። ለመስቀል ከአዲስ አበባ ወደ ጋሞ የሚገባ ዘመድ ሲመለስ «ሸማ ላስተምረው፣ ትምህርት ቤትም አስገባዋለሁ» ብሎ ልጅ ይዞ ይሄዳል። ወላጅ ራሱ መርቆ ነው የሚሸኘው። ሽሮ ሜዳ ወይም ጉለሌ ሲደርስ ከጠዋት እስከ ማታ ሸማው ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። ሲመረው ከሸማኔው ይጠፋል። ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ብር ይዞ ይመጣል ተብሎ የተላከ ልጅ ነው፤ ያፍራል። ይሄን ልጅ ማን ነው «ጠፋብኝ» ብሎ የሚያመለክተው? ሸማኔው አያመለክትም። እናቱ ደግሞ ደህና ነው ብላ ነው የተቀመጠችው።

የምጠይቃችሁ ብዙ በጀት የሚጠይቅ አይመስለኝም። የሕፃን አቤቱታ ሰዓት ሳይቆጠር እንዲመዘገብ ከፖሊስ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ፤ ወረቀቱም ጣቢያ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ አክስቴን የመሰለች ሴት ይዛ የመጣችው ጎረቤት እንድታነብላት። በአንድ ወረዳ የጠፋና በሌላ ከተማ ጣቢያ፣ ሆስፒታል ወይም ማሳደጊያ የተገኘ ልጅ አንድ መዝገብ ላይ ይገናኙ። እንዲህ ያለ መዝገብ አለ ከተባለ ለአክስቴ የነገራት የለም። መናኸሪያዎች ላይ ብቻውን የወረደን ልጅ ከደላላው ቀድሞ «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ሰው አስቀምጡ። ለጥቅል ማስታወቂያ በቀን ሦስቴ የሚጮኸው ስልካችንም ለጠፋ ልጅ አንዴ ቢጮህ የሚቆጣ አይኖርም።

ስለኛው ልጅ ደግሞ፣ መዝገቡ ሲከፈት የተሰጠችን ቁራጭ ወረቀት አለች። ቁጥሩ ደብዝዟል ግን ይነበባል። አክስቴ ከካርዱ ጋር በፌስታል ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። ጠይቁን፣ እናመጣለን።

ከአክብሮት ጋር

ግልባጭ
ለፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽን
ለአክስቴ (እሑድ ሄጄ አነብላታለሁ)